አምሽቼ እየገባሁ 16 ሰዓት መጾም አቃተኝ፤ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ። ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። 16 ሰዓት ጾም፣ በቀሪው 8 ሰዓት መብላት። ከቀኑ 6 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብዬ ያዝኩ።

ጠዋቱ አይከብደኝም። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃም ሳልቀምስ የምቆይ ሰው ነኝ፤ ይሄኛው ውኃና ስኳር የሌለው ቡና ይፈቅዳል። የቸገረኝ ማታው ነው። 11 ሰዓት ተኩል ከሥራ እወጣለሁ፤ የታክሲው ሰልፍ ግን አያልቅም፤ ቤት ስደርስ 2 ሰዓት ተኩል ያልፋል። እናቴ ሽሮዋን ጥዳ፣ እንጀራውን ሸፍና ትጠብቀኛለች። እኔ ካልቀረብኩ እሷም አትበላም። «ሰዓቴ አልፏል» ያልኳት ቀን ምግቡን ሳትነካ ተኛች። ስኳር አለባት፣ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ባዶ ሆዷን ማደሯ በጣም አስፈራኝ። ከዚያ ወዲህ አብሬያት እበላለሁ፤ ያውም የቀኑን ረሃብ ሁሉ በአንዴ፣ ከዚያ ቀጥታ እንቅልፍ። ጠዋት ቃር ያቃጥለኛል፤ ክብደቴም አልቀነሰም።

ሰዓቱን ወደ ጠዋት ላምጣው? ከጠዋቱ 1 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት? ምሳ ዕቃ መያዝ እችላለሁ። ግን እናቴን ምን ልበላት? ወይስ 12 ሰዓት ብቻ ጾሜ እራቱን ላቅልለው? ከከተማ ዳር እየተመላለሳችሁ የተሳካላችሁ፣ በተለይ ከወላጅ ጋር የምትኖሩ፣ እራት ላይ ምን እንደምታደርጉ እባካችሁ ንገሩኝ።