አዲሱ ኮምፒውተር የስቱዲዮውን ስቶሬጅ አልከፍት አለ! እባካችሁ ቶሎ

ፎቶ ቤት፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሰርግ ፎቶው በሙሉ ስቶሬጁ (በኔትወርክ የምንከፍተው የዲስክ ሳጥን) ላይ ነው፤ አልበሙ ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። ዛሬ ዊንዶውስ 11 ያለው ኮምፒውተር አስገባን። ፎልደሩን ስከፍት አስተማማኝ አይደለም፣ ያረጀውን ኤስኤምቢ 1 ይፈልጋል ይለኛል። በአሮጌው ኮምፒውተር ይከፈታል። ምን ላድርግ?

ኪያ፦ ፋየርዎሉን አጥፊና ሪስታርት አድርጊው።

ባለ ራውተሩ፦ ፋየርዎሉ ምን አደረገ? ኤስኤምቢ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ፋይል የሚሰጣጡበት ደንብ ነው፤ 1ኛው እትም የ1980ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በእሱ ቀዳዳ ገብቶ ነው። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት መጨረሻ ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ጀምሮ አብሮ መጫኑን እየተወ መጥቷል። እህቴ፣ የተበላሸው ኮምፒውተርሽ አይደለም፤ ስቶሬጁ ነው ያረጀው። ሞዴሉ ምንድን ነው?

የቄራው ልጅ፦ ይሄ ሁሉ ታሪክ ለምን? ዲስኩን ንቀሉና በዩኤስቢ ሰኩት፣ አለቀ።

ሰናይት፦ ኧረ በፈጠራችሁ! እነዚህ ሳጥኖች ውስጣቸው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ነው፤ ዲስኩ ብዙ ጊዜ ኢኤክስቲ ወይም ኤክስኤፍኤስ በሚባል የሊኑክስ ፎርማት ነው። ዊንዶውስ ስለማያነበው ፎርማት ላድርገው ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካልሽ ሰርጉ ሄደ።

ኪያ፦ ፋየርዎሉን ሞከርሽው ግን?

ዳዊት ቴክ፦ ዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ ኤስኤምቢ 1ን ምልክት አድርጊበት፣ ይከፍታል።

ባለ ራውተሩ፦ ይከፍታል፤ ለሌባም ይከፍታል።

ሰናይት፦ አሮጌው ዊንዶውስ 7 ነው? ከሆነ ኤስኤምቢ 1ንም አዲሱን ኤስኤምቢ 2ንም ይችላል። ፎቶውን ከስቶሬጁ ወደ እሱ ኮፒ አድርጊ፣ ፎልደሩን ሼር አድርጊ፣ አዲሱ በኤስኤምቢ 2 ያነበዋል። አሮጌው ላይ ፓስወርድ ያለው ዩዘር ክፈቺ፤ ያለ ፓስወርድ ዊንዶውስ 11 እምቢ ሊል ይችላል። ሌላው መንገድ፣ የስቶሬጁን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥሩን) ብራውዘር ላይ ጽፈሽ ሴቲንጉ ውስጥ ኤፍቲፒ (ሌላ የፋይል መላላኪያ መንገድ) ካለ አብሪውና ፋይልዚላ በሚባለው ፕሮግራም ፎቶውን ሳቢው። ሲያልቅ መልሰሽ አጥፊው፣ ኤፍቲፒ ፓስወርድ አይደብቅም።

ፎቶ ቤት፦ አዎ 7 ነው፣ ግን ዲስኩ ሞልቷል። ኤፍቲፒውን አገኘሁት፣ የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቀኛል። የገጠመልን ልጅ ስልኩ አይነሳም!

ሰናይት፦ የስቶሬጁን ሪሴት እንዳትነኪ፣ በአንዳንዱ ሳጥን ፎቶውንም ያጠፋል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አሮጌው ላይ ሰክተሽ በእሱ አውጪው። ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን፤ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ቪዲዮ አይቀበልም።

ዳዊት ቴክ፦ ምን ደረሰ?