«ክሮኒክለር»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጠያቂ፦ ስለ እንግሊዝ ገዳማት አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸነከርኩ። «በ1259 ያረፈው የሴንት አልባንስ መነኩሴ ማቲው ፓሪስ ታላቅ ክሮኒክለር ነበር» ትላለች። «ታሪክ ጸሐፊ» ልለው ነበር፤ ግን ከሁለት መስመር በኋላ «ሂስቶሪያን» ይመጣብኛል። ምን ይሻላል?

ሰምና ወርቅ፦ ዜና መዋዕል ጸሐፊ በለዋ! መጽሐፍ ቅዱሳችን ላይ አለልህ።

ጠያቂ፦ እሱማ አለ። ግን ሲነበብ የዳዊት ቤተ መንግሥት እንጂ እንግሊዝ አይመስልም።

ሥር ማሽ፦ ሥሩን ሳታውቁ ትርጉም! የግሪኩ «ክሮኖስ» የመጣው ከግእዙ «ከረመ» ነው። ክረምት በግእዝ ዓመትም ማለት ነው። ክሮኒክል የክራማት መጽሐፍ። አለቀ።

ባለ ሰዋስው፦ ወንድሜ፣ «ከረመ» በማይ («መ») ነው፣ «ክሮኖስ» በነሐስ («ነ»)። መቼ ተዛመዱ? ቃሉ ግሪክ ነው፤ በላቲን አልፎ፣ በፈረንሳይኛ «ክሮኒክ» ሆኖ እንግሊዝ ገባ። መጨረሻው ላይ ያለችው «ል» እዚያው እንግሊዝ የተጨመረች ናት። «ክሮኒክለር» ራሱ የ15ኛው መቶ ዘመን ቃል ነው። ማቲው ፓሪስ በላቲን ጽፎ ሞተ፤ ስሙን እንኳ አልሰማውም።

ሥር ማሽ፦ «ል» ከየትም ከመጣች፣ ማይ ወደ ነሐስ ቢዞር ምን ይገርማል?

ዲያቆኑ፦ ለጠያቂው የሚሆን ነገር አለ። በ12ኛው መቶ ዘመን የካንተርበሪው መነኩሴ ጀርቬስ ሁለቱን ለይቷቸዋል። ሂስቶሪያኑ በሰፊው፣ ባማረ ቃል ይተርካል። ክሮኒክለሩ ዓመቱን ይቆጥራል፣ በዚያ ዓመት የሆነውን ባጭሩ ያሰፍራል። ልኩን የሚያልፈውን ክሮኒክለር ደግሞ በማቴዎስ 23 ቃል ወረፈው፦ አሽንክታቡን ይዘረጋል፣ የልብሱን ዘርፍ ያስረዝማል።

ሰምና ወርቅ፦ በዚህ አያያዝ የማቲው ፓሪስ ዘርፍ መሬት ይጠርጋል! ንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊን ሲቦጭቅ አይጣል ነው። በ1255 ለንደን የገባውን ዝሆን ሳይቀር ሥሎታል።

ጠያቂ፦ ታዲያ የትኛውን ልጻፍ?

የኔታ፦ ልጆች፣ አሽንክታብ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነው። ምኑ ይዘረጋል?

ዲያቆኑ፦ ይቅርታ የኔታ፣ የፈሪሳውያኑ እኮ የግንባርና የክንድ ነው።

የኔታ፦ አንተ መጀመሪያ ትርጓሜ ቤት ግባ።

ሥር ማሽ፦ «አሽን»ስ? ከ«አሸን» ነው እኮ። እንደ አሸን የፈላ ክታብ!

ባለ ሰዋስው፦ ኧረ በሕግ አምላክ!