ክርክር፦ ትምህርት ቤቱ ራሱ ፈቅዶ ለምን ማስጠንቀቂያ ይልካል?

የማክዳ እናት፣ ለንደን፦
እዚህ እንግሊዝ ልጅ የምታስተምሩ ወላጆች፣ እስቲ ሐሳብ ስጡኝ። ልጄ 9 ዓመቷ ነው። አስም አለባት። ዘንድሮ ታማ የተኛችበት፣ ሆስፒታል ቀጠሮ የነበራት፣ ለገና የቀረችበት አንድ ቀን፣ ሁሉንም ደውዬ አሳውቄያለሁ። እነሱም «እሺ፣ ፈቅደናል» ብለዋል። ባለፈው ሳምንት ግን ደብዳቤ መጣ። የማክዳ አቴንዳንስ፣ ማለትም ትምህርት ላይ የተገኘችበት መጠን፣ 89 በመቶ ስለሆነ አሳስቧቸዋል። ከሥሩ ስለ ቅጣት የሚያወራ አንቀጽ አለው። የትኛው ቀን በፈቃድ፣ የትኛው ያለ ፈቃድ እንደሆነ አይለይም። ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ «ኮምፒውተሩ ነው የሚልከው» አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ልጄን በኢንሄለር ሳስተነፍስ አድሬ፣ ጠዋት እንደ ጥፋተኛ ደብዳቤ ማንበብ በጣም ያማል። ፈቃዱ እንደዚህ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

የሁለት ወንዶች አባት፣ በርሚንግሃም፦
እህቴ፣ ማክዳን እግዜር ይማርልሽ። እኔ ግን ከትምህርት ቤቱ ጋር ነኝ። የትምህርት ዓመቱ 190 ቀን ነው። ጠዋትና ከሰዓት ለየብቻ ስለሚቆጠር 380 ግማሽ ቀን ይሆናል። 10 በመቶ ቀረ ማለት 19 ሙሉ ቀን ቀረ ማለት ነው። አንድ ወር ሊሞላ ትንሽ የቀረው የትምህርት ጊዜ! በፈቃድም ይቅር ያለ ፈቃድ፣ ልጁ ያ ትምህርት አምልጦታል። ከኮቪድ በፊት፣ በፈረንጆቹ 2018/19፣ ይህን ያህል የሚቀሩት ከተማሪዎቹ 10.9 በመቶ ነበሩ። በ2021/22 ወደ 22.5 በመቶ ወጡ። ትምህርት ቤቱ ዝም ቢል ኖሮ ደግሞ «ለልጃችን ግድ የላቸውም» እንል ነበር።

የማክዳ እናት፦
ወንድሜ፣ ለምን ጠየቁ አላልኩም። ደውለው «ማክዳ እንዴት ናት? ያመለጣትን ትምህርት እንላክላት ወይ?» ቢሉኝ አመሰግናቸው ነበር። ያንን ማንም አልጠየቀኝም። የጠየቁኝ የሐኪም ወረቀት ነው። ክሊኒኩ ደግሞ ለልጅ ጉንፋንና ሳል ወረቀት አንጽፍም፣ ከፈለግሽ ከፍለሽ ነው አለኝ። በሁለቱ መካከል ኳስ ሆንኩ።

ትምህርት ቤት ቢሮ የምሠራ፣ ሊድስ፦
እኔ በየጠዋቱ ስልካችሁን ከሚያነሱት አንዷ ነኝ። እስቲ ከውስጥ ያለውን ልንገራችሁ። መዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ቀሪ በእንግሊዝኛ ፊደል ኮድ አለ። ለሕመም «አይ»፣ ለሕክምና ቀጠሮ «ኤም»፣ ለሃይማኖት በዓል «አር»፣ ርዕሰ መምህሩ በልዩ ምክንያት ለፈቀደው «ሲ»። ያለ ፈቃድ ከሆነ «ኦ» ወይም «ጂ» ይገባል። «ጂ» ያልተፈቀደ የእረፍት ጉዞ ነው። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ይህ መዝገብ በየቀኑ ለትምህርት ሚኒስቴር ይደርሳል። ርዕሰ መምህሮች ጭንቅ ላይ ናቸው፣ እውነቱን ለመናገር።

የተፈቀደ ቀሪም መቶኛውን ያወርዳል። ወላጆች ይህንን ማንም አይነግራቸውም። ቅጣቱ ግን ያልተፈቀደውን ብቻ ነው የሚመለከተው። በ10 የትምህርት ሳምንት ውስጥ 10 ግማሽ ቀን ያለ ፈቃድ ከቀረ ጉዳዩ ለቅጣት ይታያል። በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 80 ፓውንድ ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከ 28ኛው ቀን 160። ለእያንዳንዱ ወላጅ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ። ሁለት ወላጅ ሁለት ልጅ ይዘው ቢጠፉ 320 ፓውንድ ይመጣል ማለት ነው። ብሩ የሚገባው ለካውንስል (ለአካባቢው አስተዳደር) ነው፣ ለእኛ አይደለም።

የሐኪም ወረቀቱን በተመለከተ የማክዳ እናት ልክ ናት። የሚኒስቴሩ መመሪያ ራሱ ሕመሙ በእውነት ካላጠራጠረ በስተቀር ማስረጃ እየደጋገሙ አትጠይቁ ይላል። የቀጠሮ ካርድ ወይም የመድኃኒት ማዘዣ ይበቃል። እህቴ፣ የልጅሽን መዝገብ ከነኮዱ አትመው እንዲሰጡሽ ጠይቂ። መልሱ እዚያ ውስጥ ነው።

ወንድማችሁ፣ ማንቸስተር፦
የእኔን ስሙኝ። አምና እናቴ አዲስ አበባ አረፈች። ማታ ነው የተደወለልኝ። በአገራችን ቀብር በማግስቱ ነው፣ ማመልከቻ ጠብቆ አያውቅም። ልጆቼን ይዤ በረርኩ። ከአውሮፕላን ጣቢያ ኢሜይል ላክሁ። ስመለስ 3 ቀን ተፈቅዷል፣ 5 ቀን ያለ ፈቃድ ተብሎ ተመዝግቧል። ምክንያቱ «አስቀድሞ አልተጠየቀም» ነው። ሰልስት ምን እንደሆነ ለማን ላስረዳ? ልጆቼ አያታቸውን ቀብረው፣ ከአያታቸው ወንድሞችና እህቶች ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ነው የመጡት። 5 ቀን ማለት ደግሞ 10 ግማሽ ቀን ነው። ልክ ቅጣቱ ላይ። ርዕሰ መምህሯን አግኝቼ ላነጋግራት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ከቢሮው መስኮት መለሱኝ።

የሁለት ወንዶች አባት፦
ነፍስ ይማር ወንድሜ፣ እግዜር ያጥናህ። ለአንተ የተደረገው ልክ አይደለም። ርዕሰ መምህሯ እያንዳንዱን ጉዳይ ለየብቻ የማየት ግዴታ አለባት፣ ቢያንስ ቁጭ ብላ ልታዳምጥህ ይገባ ነበር።

ነገር ግን ሌላውንም እንናገር። ቲኬት ስለረከሰ ብለን ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ ሳምንት በፊት የምንሄድ አለን። «ታሟል» ብለን እንደውላለን። ልጁ ሲመለስ መምህሯ «ተሻለህ ወይ?» ትለዋለች። እሱም እንዲዋሽ እናደርገዋለን። የ7 ዓመት ልጅ! በዚህ የተነሳ ነው እውነተኛው ታማሚ የሚጠረጠረው። እስከ 2013 ድረስ ርዕሰ መምህሩ ለቤተሰብ እረፍት እስከ 10 ቀን መፍቀድ ይችል ነበር፣ ያ ተነሥቷል። በ2017 ደግሞ ሴት ልጁን ያለ ፈቃድ ለእረፍት ወስዶ የተቀጣ አንድ የዋይት ደሴት አባት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሄዶ ተሸንፏል። የልጅቷ አቴንዳንስ ከ90 በመቶ በላይ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን «አዘውትሮ መገኘት» ማለት ትምህርት ቤቱ ባወጣው ደንብ መሠረት መገኘት ነው አለ። ስለዚህ «ልጄ ጎበዝ ናት፣ አንድ ሳምንት ምን አላት» የሚባለው ክርክር አልቆለታል።

ሰንበት ትምህርት ቤት የማገለግል፣ ለንደን፦
ስለ በዓል ልጨምር። በ1996 የወጣው የትምህርት ሕግ የወላጁ የሃይማኖት ተቋም ለአምልኮ በለየው ቀን ልጅ ቢቀር እንደ ጥፋት አይቆጥረውም። ገናችን በእነሱ ጃንዋሪ 7 ነው፣ ብዙ ጊዜ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ይውላል። ጥምቀትም በዚያው ወር 19 ወይም 20 ነው። የ2024 ስቅለት ሜይ 3 ዓርብ ነበር፣ ትምህርት ያለበት ቀን። ችግሩ እኛም ጠዋት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ደውለን «ዛሬ በዓላችን ነው» ማለታችን ነው። የዓመቱን ቀኖች መስከረም ላይ ከቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ጋር እናስገባ። እኔ እንደዚያ ካደረግሁ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተከለከልኩም።

የሁለት ወንዶች አባት፦
በዚህ እስማማለሁ። ደብዳቤው ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም። መቶኛው ከወረደ ወላጁ ማወቅ አለበት።

ወንድማችሁ፣ ማንቸስተር፦
ይወቅ እንጂ! ግን የታመመ ልጅ እናትና ስፔን ለመዝናናት የሄደ ሰው አንድ ዓይነት ወረቀት ለምን ይደርሳቸዋል? በፈቃድ ይህን ያህል፣ ያለ ፈቃድ ይህን ያህል ብሎ ሁለት መስመር መጨመር ምን ያቅታል?

ትምህርት ቤት ቢሮ የምሠራ፦
አያቅትም። መረጃው እኮ እዚያው ስክሪን ላይ አለ። እኛ ጋ ወላጆች በኅብረት ጠይቀው ደብዳቤው ተቀይሯል። አንድ በአንድ ሲመጡ ግን ቅሬታቸው መስኮቱ ላይ ይቀራል።

የማክዳ እናት፦
መዝገቡን ሰጡኝ። ማክዳ በጠቅላላ 26 ግማሽ ቀን ቀርታለች። 24ቱ በፈቃድ ነው። ሁለቱ ላይ «ኦ» ተጽፏል። ቀኑን አየሁት። ሌሊት በአምቡላንስ የሄድንበት ቀን ነው፣ ከድንገተኛ ክፍል ወጥቼ የደወልኩት ከምሳ በኋላ ነበር። የሆስፒታሉን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቻለሁ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ። ሁለት ሌሎች እናቶችም አብረውኝ ይገባሉ።