የዕቅድ ውይይት፦ የፈረቃ ኤፒአያችንን ለዴቨሎፐሮች እንዴት እንሽጥ?

ጸሐፊ (ደሴ)፦ ሰላም ቤቶች። ለጉባኤው የሚቀርበው የገበያ ዕቅድ ረቂቅ ይኸው። የምንሸጠው የፈረቃና የትርፍ ሰዓት ማስያ ኤፒአይ ነው፤ ማለትም ሌላ ሶፍትዌር በኮድ ጠርቶ የሚያሰላበት አገልግሎት። ገዢዎቹ ለኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆች (ዴቨሎፐሮች) ናቸው። የተያዘው ሐሳብ፦ ደሴ ፒያሳ ላይ ባነር፣ የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ ብሮሸር። ያልተዋጠላችሁን ጻፉ።

የኮምቦልቻ አባል፦ እኔ ባነሩ አልተዋጠልኝም። ኮድ የሚጽፍ ሰው ሞክሮ ነው የሚገዛው። ገጻችንን ከፍቶ «ዘመኑ የደረሰበት የላቀ መፍትሔ» የሚል ካየ ወዲያው ይዘጋዋል። የሚፈልገው ገልብጦ የሚያስኬደው ኮድ፣ ዋጋ፣ ሲበላሽ ደግሞ ምን እንደሚል። በቀደም ከአንድ አቅራቢ የመልእክት መላኪያ ልንገዛ ስንል ለሙከራ ቁልፍ (ኤፒአዩን የሚያስከፍት ኮድ) እንኳ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጡ አሉን። ትተነው ሄድን። ወላሂ፣ እኛም እንዲህ ካደረግን ማንም አይመጣም።

ገንዘብ ያዥ፦ ባነርን እንዲህ አታጣጥለው እንጂ ልጄ። የመልእክትና የስልክ ጥሪ ኤፒአይ የሚሸጠው የአሜሪካው ትዊሊዮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2015 ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ አውራ ጎዳና ዳር «ዴቨሎፐርህን ጠይቅ» ብሎ ሰቅሎ የለም?

የኮምቦልቻ አባል፦ ልክ ነው ጋሼ። ግን ኩባንያው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። «ጠይቅ» ማለት የቻለው የሚጠየቀው ልጅ አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነው። መንገዱም የቴክኖሎጂ ሰው የሚመላለስበት ነው። ፒያሳ ላይ የሚያልፈው ሰው ግን ኤፒአይ ምን ያደርግለታል?

ተማሪ አባል (ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት)፦ እኔ የምጨምረው አለ። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይረውን ቀን መቀየሪያችንን ጊትሀብ (የኮድ መጋሪያ ድረ ገጽ) ላይ በነጻ እንልቀቀው። ነጻ መቀየሪያ ሞልቷል ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ስለዚህ በስሕተት መልእክቱ እንለይ። አንዱ ጳጉሜን 6 ቀን 2017 ብሎ ቢያስገባ «ልክ ያልሆነ ቀን» ማለት ምን ይረባዋል? «በ2017 ጳጉሜን 5 ቀን ናት። 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፤ ለምሳሌ 2015» ይበለው። ያኔ ልጁ እነዚህ ሥራቸውን ያውቃሉ ይላል።

ለሚከፈልበትም ምሳሌው ከዚሁ ከፋብሪካው ይምጣ። የሌሊት ፈረቃ ከምሽቱ 12 ገብቶ ጠዋት 12 ይወጣል። ሲስተሙ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ስለሚቀይር አንዱን ፈረቃ ለሁለት ይቆርጠዋል። በዚያ ላይ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 በ1.5፣ ከዚያ እስከ ጠዋቱ 12 በ1.75፣ በበዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። ይህን ራሱ የጻፈ ሰው ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳሳጣው ያውቃል። የአጠቃቀም ሰነዳችን የመጀመሪያ ገጽ ይህን ሒሳብ ሠርቶ ያሳይ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄኛው ገብቶኛል። ግን ልጁ ወደደው እንበል፣ የሚከፍለው ማነው? ፊርማው ያለው ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው።

ጸሐፊ፦ ትልቅ ነገር አነሱ ጋሼ። እንግዲያው ብሮሸሩ ይቅርና አንድ ገጽ በአማርኛ ይዘጋጅ። ልጁ አትሞ ለአለቃው የሚሰጠው። ለስንት ሠራተኛ ስንት ብር፣ ቢቋረጥ መረጃው እንዴት እንደሚመለስ፣ በቃ። ዋጋውም ድረ ገጹ ላይ በብር ይውጣ፤ «ለዋጋ ይደውሉ» የሚባል ነገር አይኑር።

ሬዲዮውን ማንም አልተከራከረለትም፣ ሰርዤዋለሁ። የባነሩ በጀት ለሰነድ ጸሐፊና ኢንስቲትዩቱ ውስጥ ለሚደረግ የአንድ ቅዳሜ ሥልጠና ይዛወር። ላፕቶፕ ይዘው ይመጣሉ፣ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ፈረቃ አስልተው ያያሉ። የቀረን ኤፒአዩ በነጻ የሚሰጠው እስከ ስንት ሠራተኛ ላለው ድርጅት ይሁን የሚለው ነው።

የኮምቦልቻ አባል፦ 50። ትንሽ ወርክሾፕ ሳይከፍል ሊሠራበት ይገባል፣ ሲያድግ ይከፍላል።

ገንዘብ ያዥ፦ 20 ይበቃል። 50 ካላችሁ የሰርቨሩን ወጪ አስልታችሁ አምጡልኝ፣ በአፍ ብቻ አልፈርምም።

ተማሪ አባል፦ እኔ እስከ ዓርብ አሰላዋለሁ።