የአጭር አኒሜሽን ፊልማችን ረቂቅ ዕቅድ፦ የጓሳው ቀይ ቀበሮና ጭላዳዎቹ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የድጋፍ ጥያቄውን ረቂቅ እዚሁ እንጨርሰው። እስካሁን የተስማማንበት ይህ ነው፦ ስለ አገራችን የዱር እንስሳት፣ ንግግር የሌለው፣ በኮምፒውተር የሚሠራ የ4 ደቂቃ ፊልም። የታሪክ ክፍል ይጀምርልን።

የታሪክ ክፍል፦
እንደ መነሻ ያየሁት የአሜሪካውን የአኒሜሽን ስቱዲዮ የፒክሳርን አጭር ፊልም «ፓይፐር» ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት በአጭር አኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር አግኝቷል። 6 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አንድም ቃል አይነገርበትም። እናቷ ስታጎርሳት የኖረች የባሕር ዳር ወፍ ጫጩት ራሷ ምግብ እንድትፈልግ ትወጣለች። ማዕበል ይደፍቃታል፣ ከዚያ በኋላ ከጎጆዋ አልወጣም ትላለች። ፍርሃቷ እንዴት እንደተፈታ ልብ በሉ። ማዕበል ሲመጣ ትንሽ ሸርጣን ሳትሸሽ አሸዋው ውስጥ ስትቀበር ታያለች። እሷም እንደዚያው ታደርጋለች። ውኃው በላይዋ እያለፈ ዓይኗን ስትገልጥ በአሸዋው ተሸፍኖ የነበረው ምግብ ሁሉ ፊቷ ተዘርግቷል። መካሪ አላስፈለጋትም፤ የሸሸችው ውኃ ራሱ አሳያት።

ዳይሬክተሩ አለን ባሪላሮ ሐሳቡን ያገኘው ካሊፎርኒያ ውስጥ በስቱዲዮው አቅራቢያ ባሕር ዳር ሲሮጥ፣ ወፎቹ ከማዕበሉ ሲሸሹና ሲመለስ ደግሞ ሲከተሉት አይቶ ነው። ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ፦ ከበጀቱ የመጀመሪያው ብር ለኮምፒውተር ሳይሆን እንስሳቱን ቦታው ድረስ ሄዶ ለማየት ይዋል። ያላየነውን እንስሳ ብንስል ሌላ ካርቱን ላይ ያየነውን እንደግማለን።

የባዮሎጂ መምህር፦
ልጆቼ፣ ታሪኩ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ መንዝ ጓሳ በሚባለው የተጠበቀ ሣር ምድር ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። እዚያ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ቀስ ብሎ ይመላለሳል፤ ጭላዳዎቹም ሣራቸውን እየነጩ ዝም ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከሙከራው 25 በመቶ ያህሉ ሲሳካለት፣ በመንጋው መሐል ሲሆን ግን 67 በመቶ ይሳካለታል። ዋጋው ደግሞ የጭላዳ ግልገል አለመንካት ነው። ቀይ ቀበሮ ቡችሎቹን የሚመግበው የዋጠውን መልሶ እያወጣ ስለሆነ፣ የጫጩቷ ዓይነት መነሻ በተፈጥሮው አለ፦ ጉርሻ የቀረበት ቡችላ፣ ትልልቅ ጥርስ ባላቸው ጭላዳዎች መሐል ሳይሮጥና ሳይተናኮል መራመድን ይማራል።

አንድ ነገር አደራ። ቀይ ቀበሮዎች በብዛት የሚወልዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ቡችሎቹን ለማየት ብላችሁ ወደ ጉድጓዳቸው እንዳትጠጉ፤ ከተረበሹ ቡችሎቻቸውን ይዘው ቦታ ይቀይራሉ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 አይሞሉም። ጓሳን ደግሞ ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው የአካባቢው ሕዝብ ነውና ፈቃድም ምክርም ከእነሱ ይጠየቅ።

አኒሜተር፦
ጋሼ ያሉት ታሪክ ልቤን ወስዶታል። የሚያሳስበኝ የወንዱ ጭላዳ ጎፈር ነው። እያንዳንዱን ፀጉር ለየብቻ እናንቀሳቅስ ካልን አቅማችን አይችልም። 4 ደቂቃ ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ሲታሰብ 5,760 ምስል ነው። ኮምፒውተሩ አንዱን ምስል ሠርቶ ለማውጣት (ሬንደር ለማድረግ) 5 ደቂቃ ቢፈጅበት፣ አንድ ኮምፒውተር ሌት ተቀን 20 ቀን ይሠራል፤ ያውም ሳይደገም።

መውጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር በረጅም አኒሜሽን ያሸነፈው የላትቪያው «ፍሎው» ዋና ገጸ ባሕርይው ድመት የሆነ፣ እንስሳት ብቻ ያሉበት፣ ንግግር አልባ ፊልም ነው፤ የተሠራውም እኛው በምንጠቀምበት በነፃው የአኒሜሽን ሶፍትዌር በብሌንደር ነው። ፀጉሩን አልቆጠሩትም፣ በብሩሽ እንደተቀባ አድርገው አለፉት። እንቅስቃሴው ግን የእውነተኛ ድመት ነው። እኛም ጉልበታችንን አረማመድ ላይ እናውል። ደግሞ ሬንደሩ በቪዲዮ ሳይሆን በተናጠል ምስል ይቀመጥ፤ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሐሳቡን እደግፋለሁ። ነገር ግን «ጉዞ» ተብሎ የተጻፈ ወጪ መጀመሪያ የሚሰረዝ ነው። ከጓሳ ስንመለስ በእጃችን ምን እንደሚኖር ካልተጻፈ አልፈርምበትም።

የታሪክ ክፍል፦
እውነት ነው፣ ይጻፍ። የአረማመድ ቪዲዮ፣ የእጅ ንድፍ፣ የተጠናቀቀ ስቶሪቦርድ (ታሪኩን ትዕይንት በትዕይንት የሚያሳይ ሥዕል)፣ የቦታው ድምፅ። ድምፁን እንዳናቃልለው። ጭላዳዎች ከንፈራቸውን እያጋጩ እርስ በርስ የሚያሰሙት ድምፅ ንግግር ለሌለው ፊልም ትልቅ ሀብት ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንግዲያው የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ይግባ፦ «ማኅበሩ በመንዝ ጓሳ በሚደረግ የመስክ ምልከታ ላይ የተመሠረተ፣ የ4 ደቂቃ ንግግር አልባ አኒሜሽን ፊልም ለመሥራት ድጋፍ ይጠይቃል። ምልከታው ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር በመመካከር፣ ከቀበሮ ጉድጓድ በመራቅ ይከናወናል። የምርት ሥራ የሚጀመረው ስቶሪቦርዱ በአባላት ከጸደቀ በኋላ ነው።»

የኮምፒውተር ግዢ ወደ ሁለተኛው ዙር ክፍያ ተዛውሯል። ገንዘብ ያዣችን የመኪናና የማደሪያ ዋጋ እስከ ዓርብ ያምጡልን። ጋሼ ደግሞ ለጓሳ ጥበቃ ኃላፊዎች የሚላከውን ደብዳቤ ቢያዩልን። ተቃውሞ ያለው አባል ከዓርብ በፊት እዚሁ ይጻፍ።