«የኪስ ወረዳ» ወይስ «ጉልት»?

ጥያቄ፦ ሰላም ለቤቱ። ሃየም ፌረርስ የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ታሪክ እየተረጎምኩ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1558 እስከ 1832 ለፓርላማ አንድ ሰው ብቻ ትልክ ነበር። «ባለ አንድ መቀመጫ የምርጫ ክልል» ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሳነበው ሳቅ አመለጠኝ። ማን እንደሚመረጥ የሚወስነው አንድ ጌታ ስለነበረ ደግሞ እንግሊዞቹ እንዲህ ያለውን ቦታ «ፖኬት ቦሮ» ይሉታል። «የኪስ ወረዳ» ቢባል ያስኬዳል?

መልስ፦ መቀመጫውን ለሐኪም ተውለት፤ «ወንበር» በለው። «ክልል» ሲባልም ዛሬ ለሰው የሚታየው ኦሮሚያና አማራ ነው። ሕጉ «የምርጫ ክልል» ቢልም ለአንዲት ትንሽ ከተማ «የምርጫ ወረዳ» ይቀላል። ደግሞ «አንድ» የምትለዋን ዝም ብለህ አትለፋት። የኛ 547 የምርጫ ክልሎች አንድ አንድ ሰው ስለሚልኩ አንባቢው «ታዲያ ምን ይገርማል?» ይላል። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ግን ደንቡ ሁለት ነበር። አንድ ብቻ የሚልኩት አምስት ከተሞች ናቸው፦ ባንበሪ፣ ቢውድሊ፣ አቢንግደን፣ ሞንማውዝና ያንተዋ። በኛም በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንድ የምርጫ ወረዳ ሁለት እንደራሴ ነበረው።

ሌላ መልስ፦ «የኪስ ወረዳ» አይሆንም ወንድሜ። ኪስ አውላቂ የሚበዛበት ሰፈር ይመስላል! እኔ «ጉልት» እላለሁ። ባለ ርስቱ መሬቱን ያርሳል፣ ግብሩን ባለ ጉልቱ ይበላል። ሃየም ፌረርስም በመጨረሻው ዘመን በፊትዝዊሊያም መሳፍንት እጅ ነበረች። ድምፅ የሚሰጠው መራጩ ነው፤ ማን እንደሚቀመጥ የሚቆርጠው ግን ጌታው።

ሌላ መልስ፦ ጉልት ደስ ይላል፣ ግን ጉልት ንጉሥ ይሰጣል፣ ንጉሥ ይነሳል። ይህኛው በመሬት ብዛትና በውለታ የተያዘ ነው። እኔ ብሆን «የጌታ ወረዳ» እል ነበር። «የበሰበሰ ወረዳ» ከሚሉት ጋር ግን እንዳታምታታው። ያኛው ሰው አልቆበት ስሙ ብቻ የቀረ ነው። ኦልድ ሳረም ኮረብታና ፍርስራሽ ሆና እንኳ ሁለት እንደራሴ ትልክ ነበር! ያንተዋ ሰው ነበራት፤ ያልነበራት ምርጫ ነው። የእ.ኤ.አ. 1832ቱ የእንግሊዝ የምርጫ ማሻሻያ ሕግ ኦልድ ሳረምንም ያንተዋንም አንድ ላይ ጠረጋቸው።

ጠያቂው፦ ተባረኩ። «የጌታ ወረዳ» ስል ባለቤቴ «የትኛው ቸርች ነው?» አለችኝ። ስለዚህ «ባለ አንድ ወንበር፣ የባላባት ወረዳ» ብዬዋለሁ። ጉልቷን ለግርጌ ማስታወሻ አስቀምጫታለሁ።