ሁለተኛ ልጄን በቤት ልውለድ ወይስ ጤና ጣቢያ ልሂድ?

ጠያቂ፦ የገጠር መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ስምንተኛ ወሬ ገብቷል። የምኖረው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ባለቤቴም እኔም በምናስተምርበት ቀበሌ ነው። ጤና ኬላው ቅርብ ቢሆንም ጤና ጣቢያው በበጋ እንኳ የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው፤ የመውለጃዬ ጊዜ ደግሞ ነሐሴ መጨረሻ በመሆኑ፣ በመካከል ያለው ወንዝ ሲሞላ መኪና አያሳልፍም።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በአንድ ከተማ ሆስፒታል ነበር። ሁለታችንም በሰላም ወጣን፤ ከዚያ ሌሊት የቀረልኝ ትዝታ ግን ቁጣ ነው። ምጥ ጠንቶብኝ «ማርያም፣ ማርያም» ስል ዝም በይ ተባልኩ፤ እናቴ ከበር ላይ ተመለሰች፤ መጋረጃ በሌለበት አልጋ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ሲያየኝ አደርኩ። አማቴ ሰባት ልጆች በቤታቸው የወለዱ ናቸው፤ «እኔ እያለሁ ማን ያንገላታሻል?» ይሉኛል። የሠፈራችን የልምድ አዋላጅም እጃቸው የተመሰገነ ነው። የእርግዝና ክትትሌ እስካሁን ደህና ነው ተብያለሁ። የመጀመሪያው ያለ ችግር ከተወለደ፣ ሁለተኛውን በቤት መውለድ ያን ያህል የሚያስፈራ ነውን?

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

እህቴ፣ ያ ሌሊት እንደዚያ መሆን አልነበረበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ወላዷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆንና በሚመቻት አኳኋን እንድትወልድ ይመክራል፤ ስለዚህ የተመኘሽው ነገር ቅንጦት አይደለም፣ በጤና ጣቢያም ልትጠይቂው ይገባሻል።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ክትትል የደም ግፊትን፣ የደም ማነስን፣ መንታን፣ የሕፃኑን አቀማመጥ ከወዲሁ ያሳያል፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣውን ደም መፍሰስ ግን አስቀድሞ አያስታውቅም። በሥራዬ ካየኋቸው ብዙ ደም ከፈሰሳቸው እናቶች ብዙዎቹ በክትትላቸው ምንም ያልተገኘባቸው ነበሩ። በእርግዝና ማብቂያ ላይ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር የማያንስ ደም ወደ ማሕፀን ይመላለሳል፤ እንግዴ ልጁ ከተላቀቀ በኋላ ማሕፀኑ በደንብ ካልተኮማተረ ያ ሁሉ የደም ሥር ክፍት ይቀራል፣ ጤነኛ የነበረችም ሴት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። የልምድ አዋላጇን እጅ አላቃልልም፤ ከእርሳቸው መሰል እናቶች እኔም የተማርኩት አለ። ሆኖም ሕፃኑ እንደወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚወጋው፣ ማሕፀኑን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ መድኃኒት ነውና በእርሳቸው እጅ የለም።

ጤና ጣቢያው ይህንን መርፌ፣ ከእርግዝና ደም ግፊት የሚመጣውን መንቀጥቀጥ የሚከላከለውን ማግኒዥየም ሰልፌትና ፀረ ተዋስያን መድኃኒት ሊሰጥሽ፣ አልወጣ ያለ እንግዴ ልጅንም በእጅ ሊያወጣልሽ ይችላል። ቀዶ ሕክምናና ደም መስጠት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሆስፒታል ነው። ስለዚህ ከጤና ጣቢያው እስከ ሆስፒታል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና አምቡላንሱ ከወንዙ በየትኛው ወገን እንደሚያድር ከአሁኑ አጣሪ።

ሁለተኛ ምጥ ከመጀመሪያው ማጠሩ የተለመደ ነው። ምጥ ከያዘሽ በኋላ በቃሬዛ መነሣት፣ ያውም ወንዙ ከፈቀደ፣ መንገድ ላይ መውለድን ሊያስከትል ይችላል። እኔ የምመክርሽ ቀንሽ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ እናቶች ማቆያ፣ ማለትም ነፍሰ ጡሮች የመውለጃ ጊዜያቸውን በጤና ተቋሙ አጠገብ ወደሚጠብቁበት ቤት፣ እንድትገቢ ነው። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማቆያ አለው፤ የ22 ዓመት መዝገቡ ሲመረመር፣ በማቆያው ከቆዩት መካከል በ100 ሺህ ወሊድ የሞቱት እናቶች 90 ያህል ሲሆኑ፣ ሳይቆዩ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። እርግጥ ከኋለኞቹ ብዙዎቹ ከተጨነቁ በኋላ የደረሱ በመሆናቸው ንጽጽሩ እኩል አይደለም፤ ይሁን እንጂ አንቺንም የሚያሰጋሽ ያው መዘግየት ነው።

መልስ፦ ከእንግሊዝ ሀገር

እኔ ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት በቤቴ ነው፤ ስለዚህ በቤት መውለድን የማወግዝ ሰው አይደለሁም። እዚህ ከ64 ሺህ በላይ ጤነኛ እናቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ከዚህ በፊት ለወለዱት በቤት መውለድ ለሕፃኑ የተለየ አደጋ እንደማያመጣ፣ ለመጀመሪያ ወላዶች ግን አደጋው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ነገር ግን «በቤት» የሚባለው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ወደ እኔ የመጡት ሁለት የተማሩ አዋላጆች ናቸው፤ መርፌውንም የሕፃኑን መተንፈሻ መርጃም ይዘው ነበር፣ አምቡላንስ ቢጠራ ሆስፒታሉ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ይህም ሆኖ በጥናቱ በቤት ለመውለድ ካሰቡት መካከል ቀድሞ ከወለዱት ከ100 ወደ 12፣ ከመጀመሪያ ወላዶች ደግሞ 45 ያህሉ ወደ ሆስፒታል ተዛውረዋል። በአንቺ ሠፈር ከእነዚያ 12 አንዷ ብትሆኚ ነሐሴ ላይ በየት ትሻገሪያለሽ?

መልስ፦ የሠፈር ሽማግሌ

ልጄ፣ እናታችን ዘጠኛችንንም በቤት ወልዳ አሳድጋናለች። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሀገሪቱ ጥናት እንኳ ከ100 ወላዶች 10 ብቻ ነበሩ በጤና ተቋም የወለዱት፤ የቀሩት 90ዎቹ ሁሉ አልሞቱም። ሰውን ከቤቱ አስወጥቶ ማንገላታት ደግሞ ሌላ በሽታ ነው።

መልስ፦ በማቆያ የቆየሁ

አባቴ፣ ስለ ማንገላታቱ እውነትዎን ነው። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ጥናት በሀገራችን በ100 ሺህ ወሊድ 412 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ የእርስዎ እናት ከተረፉት ናቸውና ምስክርነቱ የአንድ ወገን ነው።

ጠያቂዋ እህቴ፣ እኔ አሥራ ስድስት ቀን ማቆያ ቆይቻለሁ። ምቹ ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ ፍራሹ ስስ ነበር፣ ውኃም በአንዳንድ ቀን ይጠፋል። ከቤት ያመጣሁት ዱቄትና ሽሮ ባይኖር ኖሮ ምግቡ ባልበቃን ነበር። ነገር ግን ከእኔ ጋር የጠበቁት ሴቶች በምጥ ጊዜ እርስ በርስ ወገብ ይዘን አሳለፍነው፤ ስወልድ እናቴ አጠገቤ ነበረች፣ ገንፎውም እዚያው ተገነፋ፣ ቡናው ተፈላ። አሁኑኑ ሄደሽ አዋላጇን ተዋወቂ፤ አማትሽ ይገቡ እንደሆነ፣ ተንበርክከሽ ለመውለድ ይፈቀድልሽ እንደሆነ፣ እንግዴ ልጁን ወስዳችሁ ልትቀብሩ ትችሉ እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቂያት። ያላስደሰተሽ መልስ ካለ ሌላ ጤና ጣቢያ ለመፈለግ ገና ጊዜ አለሽ።

ጠያቂ፦ የገጠር መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ከባለቤቴ ጋር ጤና ጣቢያው ድረስ ሄድን። አዋላጇ ወጣት ናት፤ አማቴ እንዲገቡ ፈቅዳለች፣ በመንበርከኩም ተስማምታለች፣ በማዋለጃው ክፍል መጋረጃ መኖሩንም በዓይኔ አይቻለሁ። አምቡላንሱ የሚያድረው ከወንዙ ማዶ፣ በጤና ጣቢያው በኩል ነው። ትምህርት ቤት ክረምቱን ስለሚዘጋ ትልቁን ልጅ ባለቤቴ ይይዘዋል። ከነሐሴ 5 በኋላ ለመግባት ተመዝግቤአለሁ። አማቴ ሁለት ቀን አኩርፈው ሰነበቱ፤ ዛሬ ጠዋት ግን የገብሱን ቆሎ ሲቆሉ ደረስኩባቸው፣ ማቆያው ምድጃ እንዳለውና ድስቱን ከቤት መውሰድ ይሻል እንደሆነ ጠየቁኝ።